የአባቴ ግራ እጅ

ይህን ታሪክ ለልጆቼ ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ነገር ዘልዬ ነው የነገርኳቸው። አሁን ዕድሜዬም ገፍቷል፣ አባቴም የለም፤ የዘለልኩትን ሳልዘል ልጻፈው።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። እኔና አባቴ የምንኖረው ከዲላ ወደ ቡሌ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ለጤነኛ ሰው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በሆነች መንደር ነበር። እናቴ ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ ሞታለች። አባቴ አቶ ደምሴ አናጢ ነው፤ ከሰሜን ለአንድ የቡና መጋዘን ጣሪያ ሥራ መጥቶ፣ ጣሪያው ሲያልቅ እናቴን አግብቶ በዚያው የቀረ ሰው። ሥራ ቤቱ ከመኖሪያ ቤታችን ጋር በአንድ ግድግዳ የምትገናኝ፣ ጠባብና ዝቅተኛ ክፍል ነበረች። የአካባቢው በርና መስኮት፣ አልጋና የቡና መልቀሚያ ጠረጴዛ፣ ሰው ሲሞትም የሬሳ ሣጥን ከዚያች ክፍል ይወጣል።

አሠራሩን ካልነገርኳችሁ የሆነው ነገር አይገባችሁም። አባቴ የሥራ ጠረጴዛ አልነበረውም። በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጥና ሳንቃውን በአጭር ግንድ ላይ ያጋድመዋል። አንዱን ጫፍ በግራ እጁና በግራ እግሩ ተረከዝ ይጫነዋል፤ በቀኝ እጁ ይልጋል፣ ይፈለፍላል። ሌላኛውን ጫፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ በጉልበቴ ተጭኜ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ነበር።

ትምህርት ቤት የገባሁት በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አንደኛ ክፍል ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ የፊት ጥርሷ ገና መውለቁ ነበር። አባቴ አልከለከለኝም። "ትልቅ ሳንቃ በሌለ ቀን ሂጂ" ነበር የሚለኝ። ትልቅ ሳንቃ የሌለበት ቀን ግን በሳምንት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነው። እንዲያም ሆኖ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አራተኛ ክፍል ደረስኩ። የቀረሁበትን ትምህርት ከሰው ደብተር እገለብጣለሁ፤ ያልገለበጥኩት ካለ ምግብ አይዋጥልኝም ነበር።

ያን ሰሞን መምህራችን ስለ ቁስል አያያዝ ያስተምረን ጀመር። ትምህርቱ የሁለት ቀን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ተገኝቼ፣ አስምሬ ጽፌዋለሁ፤ ቁስል ላይ አፈር፣ እበት፣ የቡና ዱቄት አይደረግም፤ ደሙ አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ ማሰር። ደብተሬ እዚያ ላይ ያበቃል። በሁለተኛው ቀን የአቶ በራሶ በር ሳንቃ ስለነበረ ቀረሁ።

አቶ በራሶ ከእኛ በታች ቡናና እንሰት ያለው የጌዴኦ ሽማግሌ ነው። በዕድሜው ማብቂያ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ፣ በሩ የዋንዛ ይሁንልኝ ብሎ አዟል። በየማለዳው እየመጣ ያየዋል።

"ደምሴ፣ በሩ አደገ?" ይላል።

"አደገ። ግን ገና አላፈራም" ይለዋል አባቴ። ሁለቱም በየቀኑ እንደ አዲስ ይሥቃሉ።

አባቴ የሰላምታ ሰው ነበር። በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ እጅ አይሰጥም። ብድግ ይላል፣ ጎንበስ ይላል፣ ቀኙን በግራው ደግፎ ይዘረጋል። እጁ ላይ መጋዝ ይኑር መሮ፣ ያንን አያይም። እንግዳን ተቀምጦ መቀበል ለእሱ ከነውር ሁሉ የከፋው ነውር ነው።

ነገሩ የሆነው ከቀረሁበት ቀን ማግስት ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዝናብ ይዘንባል። አባቴ በሳንቃው ጠርዝ ላይ ያወጣውን የማያያዣ ቀዳዳ ሊያስተካክል፣ መሮውን በመዶሻ ሳይሆን በእጁ እየገፋ ይጠርባል። ግራ እጁ ከመሮው ፊት ሳንቃውን ይዟል። እኔ ጫፉ ላይ ነኝ።

እስከ ዛሬ የዘለልኩት ይህን ነው፤ ጭኔ ላይ መጽሐፍ ነበር። መምህሬ ስለ ከዋክብት የሚናገር መጽሐፍ አውሶኝ፣ በነጋታው መመለስ ነበረብኝ። ጉልበቴ ሳንቃው ላይ ነው፤ ዓይኔ መጽሐፉ ላይ።

አቶ በራሶ ከዝናብ የተጠለለበትን የኮባ ቅጠል እያራገፈ በደጃፉ ብቅ አለ። "ደምሴ፣ በሩ—" ብሎ ሳይጨርስ አባቴ ብድግ አለ። ሲነሣ ተረከዙ ሳንቃውን ለቀቀ። ያኔ የሳንቃው ክብደት በሙሉ በእኔ ጉልበት ላይ ነው። እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ገጽ ልገልጥ ጉልበቴን አላልቻለሁ። ሳንቃው ተሽከረከረ። መሮው አዳልጦት ከግራ አውራ ጣቱ ሥር፣ መዳፉ ከአንጓው በሚገናኝበት ቦታ ገባ።

ድምፅ አልነበረውም። አባቴ እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አየውና "ኧረ" አለ በቀስታ። ከዚያ ደሙ መጣ።

"ወይኔ! እኔ ገደልኩት!" አለ አቶ በራሶ። የኮባ ቅጠሉን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ጩኸቱን ሰምታ ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ደረሰች። እናቴ ከሞተች በኋላ ጠጉሬን የምትሠራልኝ፣ የምትቆጣኝም እሷ ነበረች። በአንድ እጇ የተወቀጠ ቡና ጨብጣለች።

"እጁን ወዲህ በሉ! ቡናው ደሙን ይጠጣዋል።"

"አይሆንም እትዬ። ቡና አይደረግበትም።"

"ምን አልሽ?"

"ቁስሉን ይመርዘዋል። ተምረናል።"

"ተምረናል! የባሌን እግር መጥረቢያ ሲቆርጠው በምን አዳንኩት ታዲያ?"

"ሦስት ወር ተኝቶ!"

"ተኝቶ ተነሣ! ሰው ሁሉ ተኝቶ አይደል የሚነሣው? አራተኛ ክፍል ገብታ ሐኪም ሆናብን አረፈች እኮ፣ ጉድ ስሙ!"

"ወርቄ፣ ተያት" አለ አባቴ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። "ልጄ የምታውቀውን ትሥራ።"

በሕይወቴ ሰው እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ግድግዳው ላይ ሳንቃ የምናስርበት የቃጫ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ከእንሰት የሚወጣ፣ ቀጭን ግን ሰው ጎትቶ የማይበጥሰው። አወረድኩትና ከአንጓው በላይ ሁለት ዙር አሰርኩት። ደሙ አልቆመም። ቁራጭ እንጨት ከገመዱ ሥር አስገብቼ አጠማዘዝኩት። ቆመ። ኩራት ተሰማኝ፤ አልዋሽም፣ በዚያ ሰዓት እንኳ ኩራት ተሰማኝ።

እትዬ ወርቄ ቡናዋን ደጅ በትና፣ ወደ ቤቷ ሮጣ ገና ያልታጠበ አዲስ ነጠላዋን አመጣች። "ይህስ ተከልክሏል?" አለችኝ።

"አልተከለከለም እትዬ።"

በጥርሷ ቀደደችውና ቁስሉን ራሷ ሸፈነችው።

ሐኪም ያለው ዲላ ነው። በዚያ ዝናብ መኪና ዳገቱን አይወጣም። እትዬ ወርቄ ቤት ልትጠብቅ ቀረች፤ እኛ ሦስታችን በእግር ወጣን። አቶ በራሶ ከፊት በዱላው ጭቃውን እየለካ፣ እኔ አባቴን በብብቱ ደግፌ። አባቴ መጀመሪያ ላይ ይቀልድ ነበር።

"በራሶ፣ በርህ ሳያልቅ ደሜን ጠጣ። በር ከምታዝዘኝ ከሸክላ ሠሪ ማሰሮ አዝዘህ ቢሆን ምን ነበረበት?"

"አትናገር፣ አትናገር" ይላል አቶ በራሶ ወደ ኋላ ሳያይ። እያለቀሰ ነበር።

የመንገዱን ሩብ ያህል እንደሄድን አባቴ መሄድ አቃተው። ጭቃው ላይ ተንበረከከ። አቶ በራሶ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ እንሰቱ ጥሻ በራሱ ቋንቋ ጮኸ። ከየጓሮው ሰዎች ወጡ። ስድስት ነበሩ፤ ኋላ አንድ ተጨምሮ ሰባት ሆኑ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ የጠየቀ አንድም የለም። ሁለት አጣና ቆርጠው፣ በገመድ ሸርበው፣ ጋቢ አንጥፈውበት ትከሻቸው ላይ ካወጡት በኋላ ነው "ማነው?" ያሉት። በአገሩ እንዲያ ነው፤ መጀመሪያ ትከሻ ይቀርባል፣ ስም ኋላ ይጠየቃል። መንገድ ላይ የሚያገኙን ሰዎችም የተሸከሙትን አስቀምጠው ተራ እየተቀበሉ ይሸኙን ነበር።

እኔ ከቃሬዛው ጎን፣ የታሰረውን እጅ ይዤ እሄዳለሁ። ከግማሽ መንገድ በኋላ አቶ በራሶ ጠጋ ብሎ የአባቴን ጣቶች አንድ በአንድ ነካ። አማርኛው እንደ አካባቢው ሽማግሌ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላል።

"ልጄ፣ ይሄ እጅ ቀዝቅዟል። ገመዱን ፈታው።"

"አይፈታም አቶ በራሶ። ደሙ ይመጣል።"

"የኔ ላም አንድ ጊዜ እግሩን ገመድ ይዞት አደረ። ቀጭን ገመድ፣ እንደዚህ። ጠዋት ሳየው እግሩ ጠቁሯል። ከዚያ በኋላ በሦስት እግር ነው የሄደው።"

"ይህ ሰው ነው፣ ላም አይደለም።"

"ገመዱ ግን ያው ገመድ ነው" አለ በቀስታ።

እንዲያ ብዬ የመለስኩት ለአባቴ ጓደኛ፣ ለሽማግሌ ሰው፣ ለሚያለቅስ ሰው መሆኑን ሳስብ ዛሬም ያሳፍረኛል። ጣቶቹን አየሁ። ጥፍሮቹ ሥር አመድ መስለዋል። ፈራሁና ቃሬዛውን አስቁሜ እንጨቱን አንድ ዙር አላላሁ። ወዲያው የእትዬ ወርቄ ነጠላ በቀይ ራሰ። ደብተሬ "ማሰር" ነው የሚለው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። መልሼ አጠማዘዝኩት፣ አንድ ዙርም ጨመርኩበት።

"ሙሉዬ" አለኝ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ።

"አቤት አባዬ።"

"አውራ ጣቴ አለ?"

"አለ።"

"ፈልጌ አጣሁት።"

ከዚያ እስከ ዲላ ድረስ የሸካሚዎቹ እግር በጭቃው ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ይሰማል። እኔ በልቤ አንድ ነገር እደጋግም ነበር፤ አናጢ በአንድ እጁ ይሠራል፣ በሌላው ይይዛል፤ የሚይዘው ከሄደ የሚሠራውም የለም።

ክሊኒኩ ስንደርስ በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ተነሥተው መንገድ ሰጡን። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር የመነጽሩን እግር በክር ያሰረ፣ አጭር፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ነጠላውን ሳይገልጥ መጀመሪያ ያየው ገመዱን ነው። "መቼ ተቆረጠ?" አላለም።

"መቼ ታሰረ?" አለ።

"ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ከንፈሩን ነከሰ።

"ማን ነው ያሰረው?"

"እኔ ነኝ።"

"ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ?"

"ትምህርት ቤት ተምረን።"

"የትኛው ትምህርት ቤት ነው በቃጫ እሰሩ ብሎ የሚያቆመው? መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ መጫን፣ እጁን ከፍ አድርጎ መያዝ። ማሰር ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ነው፤ እሱም በሰፊ ጨርቅ። ይህን አልነገሯችሁም?"

"በማግስቱ ሳይነግሩን አልቀሩም።"

"ሳይነግሩን አልቀሩም ማለት ምንድን ነው? አንቺ የት ነበርሽ?"

"ቀርቼ ነበር።"

"ለምን ቀረሽ?"

መሬቱን አየሁ። ድሬሰሩ መቀሱን ይዞ ይጠብቀኛል።

"እኔ ነኝ ያስቀረኋት" አለ አባቴ ከአልጋው ላይ። ድምፁ በጣም ደክሟል፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ተሰማ። "ሳንቃ ትያዝልኝ ብዬ።"

ድሬሰሩ አባቴን አየው፣ እኔን አየኝ። የተነባበረ ነጭ ጋዝ ከሣጥን አወጣና እጄን ካስታጠበኝ በኋላ መዳፌ ላይ አኖረው።

"ነይ እንግዲህ። ሁለተኛውን ቀን አሁን ትማሪያለሽ።"

ገመዱን ሲቆርጠው ደሙ ፈለቀ። "ተጫኚው! በሙሉ መዳፍሽ። ቆሟል ወይ ብለሽ እያነሣሽ አትዪ። ሰዓቱን እዪ።" ሰዓቱን አየሁ። የእጅ አንጓውን ከደረቱ በላይ ከፍ አድርጎ ራሱ ያዘልኝ። የደቂቃው ቆጣሪ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ለመድረስ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ በሕይወቴ አላየሁም። ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ተጫንኩ። "አሁን ቀስ ብለሽ አንሺ" አለኝ። ቁስሉ ዓይኑን ከፍቶ ያየኛል፤ ደሙ ግን ቆሟል።

"ይኸው" አለ ድሬሰሩ። "ለዚህ ነው ሁለት ሰዓት ከሩብ ያነቅሽው።" ንግግሩ ቁጣ አልነበረውም፤ ያ ነው ያስለቀሰኝ።

ቀጥሎ መጠበቅ ሆነ። "ቀለሙ ይመለሳል። ስሜቱ ግን ይመለስ አይመለስ ዛሬ ከሰዓት እናየዋለን። አውራ ጣቱ ያሰጋኛል" ብሎ ወደ ሌሎቹ በሽተኞች ሄደ። በመስኮቱ አቶ በራሶን አየዋለሁ። ሸካሚዎቹን አመስግኖ ሸኝቶ፣ ግቢው ውስጥ ባርኔጣውን አውልቆ በዝናቡ ቆሟል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየ ነው።

ትንሿ ጣት መጀመሪያ ቀላች። አባቴ ጥርሱን ነክሶ አቃሰተ።

"ምንድን ነው አባዬ?"

"አገኘኋት" አለኝ ላብ እየወረደው። "ትንሿን። እንደ እሳት እያቃጠለች መጣች።"

እንዲህ እያለ አራቱን ጣቶች አገኛቸው። አውራ ጣቱ ግን ጠፍቶ ቆየ። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ድሬሰሩ መጥቶ በመርፌ ጫፍ ነካው።

"ይሰማሃል?"

"አይሰማኝም።"

ሄደ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"አባዬ፣ ሳንቃው የተሽከረከረው በእኔ ነው። እያነበብኩ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት ታውቃለህ? ጀርባህን ሰጥተኸኝ ነበር እኮ።"

"ወረቀት ሲገለጥ ድምፅ አለው። ሁልጊዜ እሰማዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ተይ አላልከኝም?"

"ጉልበትሽን ከሳንቃዬ ጋር ይዤ፣ ዓይንሽንም ልያዝ?" አለኝ።

ግንባሬን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። ጤነኛውን እጁን ራሴ ላይ አኖረው። መሮና መላጊያ የያዘ እጅ ነው፤ ጠጉሬን ይይዘዋል፣ እሾክ እንደያዘው ነገር።

"ለማንም እንዳትነግሪ" አለኝ።

"ለምን?"

"'መጽሐፍ ነው የቆረጠው' ይላሉ። ከዚያ የመንደሩን ሴት ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤት ያስቀራሉ። በራሶም በእሱ ሰላምታ የሆነ እየመሰለው ነው፤ ለእሱ እኔ እነግረዋለሁ። ብረት ይዞ የተነሣው እኔ ነኝ። በቃ፣ እዚያ ላይ ይቁም።"

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ድሬሰሩ ቁስሉን ሊሰፋ ተመለሰ። በአዮዲን አጠበው፣ የቲታነስ መርፌ ወጋው። አንዱን ስፌት አስገባ፣ ሁለተኛውን አስገባ። ሦስተኛው ከአውራ ጣቱ ሥር ነበር። መርፌው ገና ሲነካው አባቴ ከአልጋው ተነሣ።

"ወይ! ወይ አንተ ሰው!"

ድሬሰሩ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተፈታ። "ይህችን 'ወይ' ነበር ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቅ የነበረው" አለ። እኔ በመስኮቱ ወደ አቶ በራሶ እጄን አወዛወዝኩ። ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ባርኔጣውን ሰማይ ወረወረው፤ ጭቃ ላይ ወደቀ።

እጁ ተረፈ። ጅማቱ ተነክቶ ስለነበር ግን አውራ ጣቱ ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በላይ አልታጠፈም። ብርጭቆ ይይዛል፤ ሳንቃ አይጨብጥም። አቶ በራሶ በሩን ሁለት ወር ጠበቀ፤ ለሌላ አናጢ ስጠው ያለውን ሰው ሁሉ ተቆጣ። ሥራ ቤቱ ሲመጣም ልማዱ ተለወጠ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ያስላል፤ አባቴ መሮውን መሬት አስቀምጦ ባዶ እጁን ከፍ አድርጎ ካላሳየው አይገባም፣ ሰላምም አይልም። ሌላውም ሰው ከእሱ ለመደ። ጌዴኦው፣ ጉራጌው፣ ከሰሜን የመጣው፣ ሁሉም ደጃፉ ላይ እያሳለ ይጠብቃል። መንገደኛ ሲያየን ሳል የገባበት ቤት ሳንመስለው አልቀረንም።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በጓሯችሁ ወይም በቤታችሁ ጥግ እንጨት የምትሠሩ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አክብሮታችሁን ብረቱን ካስቀመጣችሁ በኋላ አሳዩ፤ የሚያከብራችሁ እንግዳ ይጠብቃል። እጃችሁን ከስለት ፊት አታኑሩ፤ የሚይዝላችሁም ሰው ቢሆን ዓይኑ ከእናንተ ጋር መሆኑን እዩ። ሰው ከተቆረጠባችሁ ደግሞ መዳፋችሁን እመኑ፤ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጠንከር ብሎ መጫን፣ እጁን ከፍ ማድረግ፣ አለማንሣት። ማሰር ደሙ ነፍስ ሊወስድ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔም በሰፊ ጨርቅ፣ የታሰረበት ሰዓት ተይዞ፣ ፈጥኖ ወደ ሐኪም። እኔ ይህን ኋላ ብዙ መጻሕፍት ላይ አንብቤዋለሁ፤ የተማርኩት ግን በዚያች ዐሥር ደቂቃ ነው።

ከሁሉ በላይ የለወጠኝ ሌላ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ያነበብኩት ነገር ሁሉ ሙሉ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ደብተሬ የት ላይ እንደሚያበቃ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ያልተማረ ያልኩት ሽማግሌ ከላሙ የተማረውን፣ እኔ ከመጽሐፍ ተማርኩ ብዬ አልሰማሁትም። ኋላ አስተማሪ ስሆን፣ አንድ ተማሪ ሲቀር "ለምን ቀረህ?" ከማለቴ በፊት የቀረበትን ትምህርት እነግረው ነበር።

ስፌቱን ሊያስወጣ አብረን ዲላ በሄድን ጊዜ፣ አባቴ አንድ የመኪና ጥገና ቤት ደጃፍ ላይ ረጅም ሰዓት ቆመ። መካኒኩ ብረቱን የሚያስርበትን ሞርሳ እያየ ነው። ስንመለስ ከወፍራም የወይራ ግንድ የጉልበት ከፍታ ያለው ጠረጴዛ መሥራት ጀመረ። ጠርዙ ላይ ሁለት ጥርስ አወጣለት፤ ሳንቃው በመካከላቸው ይገባና በሽብልቅ ይወጠራል። ያን ሲሠራ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ እንጨቱን ያዝኩለት። ዓይኔን ከእጁ ላይ አላነሣሁም፤ እሱም በእያንዳንዱ ምት መካከል ቆም እያለ መያዜን ያይ ነበር። ተማምነን አናውቅም እንደዚያን ሰሞን።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት የአቶ በራሶን በር ሳንቃ ሞርሳው ውስጥ አስገብቶ ሽብልቁን በመዶሻ መታው።

"ጎትቺው" አለኝ።

ጎተትኩት። አልተነቃነቀም።

"በሁለት እጅሽ። እግርሽን ተክለሽ።"

እግሬን ተክዬ፣ በሙሉ ክብደቴ ጎተትኩት። ግንዱ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

አባቴ መሮውን አነሣና ጫፉን በአውራ ጣቱ፣ በዚያ ግማሽ በሚታጠፈው፣ ፈተነው። ወደ እኔ አላየም።

"ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ረቡዕ።"

"ረቡዕ ትምህርት አለ አይደል?"

"አለ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"